ተኮማትረው ለሚወለዱ መገጣጠሚያዎች ስም ስለማውጣት

አንድ ጨቅላ እጆቹ ተጨብጠው፣ እግሮቹም ወደ ውስጥ ተቆልምመው ሲወለድ ወላጆቹ ለሐኪሙ የሚያቀርቡት ጥያቄ ሁለት ነው። የመጀመሪያው «ይቃናለት ይሆን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ዘግየት ብሎ፣ ብዙ ጊዜም በለሆሳስ ይመጣል፤ «የሚቀጥለው ልጅስ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የአጥንት ሐኪሙና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በጀሶ፣ በደጋፊ፣ ሲያስፈልግም በቀዶ ሕክምና ቀስ በቀስ ይመልሱታል። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ጀሶ አይመልሰውም። ለአንዱ ቤተሰብ እውነተኛው መልስ «ስጋታችሁ ከማንኛውም ቤተሰብ ስጋት አይበልጥም» ነው። ለሌላው በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል፣ ለሦስተኛው ደግሞ ከሁለት አንድ ዕድል ነው። የእነዚህ ሦስት ቤተሰቦች ልጆች በአንድ የሕሙማን ክፍል ጎን ለጎን ቢተኙ ላልለመደ ዐይን አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። መልሱን የሚለያየው ሕመሙ የተመደበበት ስፍራ ነው። ስለዚህም የምደባው ጉዳይ ለመዝገብ ቤት ሥርዓት ብቻ የሚተው አይደለም።

ሕክምናው ለዚህ ሁኔታ ያወጣው የወል ስም አርትሮግሪፖሲስ ነው። ቃሉ መገጣጠሚያንና መጉበጥን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 አዶልፍ ዊልሄልም ኦቶ የተባሉት ሊቅ በብሬስላው ባሳተሙት የላቲን መጽሐፍ ስድስት መቶ ያህል ያልተለመዱ ውልዶችን ሲገልጹ፣ እጅና እግሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ አንድ ጨቅላንም ከእነርሱ ጋር ቆጥረውታል። የመጽሐፉ ርእስ እነዚህን ሁሉ የሚጠራው «ጭራቆች» በሚል ቃል ነበር። ስተርን በ1923 «አርትሮግሪፖሲስ መልቲፕሌክስ ኮንጄኒታ» የሚለውን ረዥም ስም ሲያወጡ ቢያንስ ስድቡ ቀረ። አዲሱ ስም ግን ሌላ ችግር ይዞ መጣ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ አንድ በሽታ መጠሪያ ሲሠራበት ኖረ። ዛሬ በጥንቃቄ የሚጽፉ ተመራማሪዎች ሁሉ እንደሚያሳስቡት አርትሮግሪፖሲስ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ትኩሳት ያለበትን ሰው «ሕመምህ ትኩሳት ነው» ብሎ እንደማሰናበት ያህል ነው። በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ የአካል ክፍሎች ላይ ከልደት ጀምሮ የመገጣጠሚያ መኮማተር የሚታይበት ሕፃን ከ3,000 ልደቶች በአንዱ ገደማ ይገኛል። ከዚህ አንድ ምልክት በስተኋላ ያሉት የተለያዩ ሁኔታዎች ግን ከ400 ይበልጣሉ።

ይህን ያህል የተለያዩ መንስኤዎች አንድ ዓይነት መልክ የሚያመጡበት ምክንያት በዶሮ ጫጩት ሽል ላይ በተደረገ ሙከራ ጎልቶ ታየ። ድራክማንና ኩሎምብር በ1962 ባወጡት ጥናት፣ ዕንቁላል ውስጥ ያለውን ሽል ኩራሬ በተባለው ጡንቻ አስናፊ መርዝ ለጊዜው እንዳይንቀሳቀስ ሲያደርጉት መገጣጠሚያዎቹ ደርቀው፣ እግሮቹም ተቆልምመው ተገኙ። ሞሲንገር በ1983 በአይጥ ጽንሶች ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርጉ ከመገጣጠሚያው መድረቅ በተጨማሪ የሳንባ ማነስና የእትብት ማጠር ታየ። ጽንስ በማሕፀን ውስጥ መንፈራገጡ ለእናቱ የመኖሩ ምልክት ብቻ ሳይሆን የገዛ አካሉን የሚቀርጽበት ሥራ ነው። መገጣጠሚያው እንደ ደንቡ ተሠርቶ ሳለ ካልተንቀሳቀሰ በዙሪያው ያለው ሽፋን ይወፍራል፣ ጅማቱ ያጥራል፣ መታጠፊያው በቆመበት ይቀራል። እንቅስቃሴውን የሚያግደው ነገር ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻ፣ አገናኝ ሕብረ ሕዋስ፣ የሽርት ውሃ ማነስ ወይም የእናቲቱ ሕመም ሊሆንም ይችላል። ውጤቱ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የምደባው ጭንቅ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ የደረቀ መገጣጠሚያ የተኮማተረበትን ምክንያት በራሱ አይናገርምና።

ከዚህ ጭንቅ ለመውጣት የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የወሰዱት ሰሜን አሜሪካዊቷ የሕፃናትና የዘረ መል ሐኪም ጁዲት ሆል ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዚህ ሁሉ ክምር ውስጥ አንድ ግልጽ መልክ ያለውን ክፍል ለይተው አወጡ። ትከሻዎቹ ወደ ውስጥ የዞሩ፣ ክርኖቹ የተዘረጉ፣ አንጓዎቹ የታጠፉ፣ እግሮቹ የተቆለመሙ፣ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ የሆነ፣ ጡንቻው በስብና በጅማታማ ሥጋ የተተካ፣ አእምሮው ግን እንደ ማንኛውም ልጅ የሆነ ሕፃን ነው። አሚዮፕላዥያ ይባላል፤ ከ10,000 ልደቶች በአንዱ ገደማ ይታያል። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙ መንትዮች መካከል አንደኛው እንደዚህ ሆኖ ሲወለድ ሌላኛው ጤነኛ ሆኖ የሚወለድባቸው አጋጣሚዎች መታወቃቸው ወሳኝ ነበር። ሁለቱ መንትዮች የሚጋሩት የዘረ መል ጽሕፈት አንድ ከሆነ የሕመሙ ሥር ከጽሕፈቱ ውጭ መፈለግ ነበረበት። ለአሚዮፕላዥያ ወላጆች «አይደገምም» ማለት የተቻለው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ምደባ ለሰው ሊያደርገው ከሚችለው በጎ ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል ማግኘት ያስቸግራል፤ ሌላ ልጅ ለመውለድ ፈርተው የቀሩ ስንት ወላጆች ያለ ምክንያት እንደፈሩ ማን ቆጥሮ ያውቃል?

ይህ ክፍል ከተለየ በኋላ የሚወረሱትን በራሳቸው መልክ ማየት ተቻለ። ሆል፣ ሪድና ግሪን በ1982 ባወጡት ጽሑፍ መኮማተሩ በዋናነት በእጅና በእግር ጫፎች ላይ የሚታይባቸውን ቤተሰቦች ሰብስበው «ዲስታል አርትሮግሪፖሲስ» አሏቸው፤ የጫፍ አካላት መኮማተር ማለት ነው። የእነዚህ ሕፃናት እጅ አንድ ጊዜ በደንብ ላየው የሚረሳ አይደለም። ጣቶቹ ይጨበጣሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል፤ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል፤ ጣቶቹ በሙሉ ከሥራቸው ወደ ትንሿ ጣት ወገን ያዘነብላሉ። መዳፉና ጣቶቹ ላይ መኖር የነበረባቸው የመታጠፊያ መስመሮች ስስ ናቸው ወይም ጨርሶ የሉም። ይህ የመስመር ጉዳይ ቀላል አይደለም። የመዳፍ መስመር የሚሠራው ጽንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት እጁን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ስለሆነ፣ ያልተሰመረ መዳፍ በዚያን ጊዜ ያልታጠፈ እጅ ምስክር ነው። እነ ሆል ሌላ ምልክት የሌለበትን አንደኛ ዓይነት፣ በፊት፣ በዐይን፣ በላንቃ ወይም በአከርካሪ ላይ ተጨማሪ ምልክት ያለበትን ሁለተኛ ዓይነት አሉት።

በ1996 ማይክል ባምሻድ፣ ሊን ጆርድና ጆን ኬሪ ይህን ምደባ አሻሽለውና አስፋፍተው አቀረቡ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የባምሻድ ቡድን አንደኛውን ዓይነት የሚያመጣ ዘረ መል በዘጠነኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ በአንድ ሰፊ ቤተሰብ አማካይነት አመልክቶ ነበር። የ1996ቱ ጽሑፍ በዝርዝሩ ርዝመት ይታወቃል። ይሁንና ከዝርዝሩ ይልቅ ዘላቂ ዋጋ ያለው በውስጡ የተቀመጠው መስፈርት ነው። በእጅ በኩል የጣቶች መታጠፍ፣ የመስመሮች መጥፋት፣ በልደት ጊዜ የጣቶች መደራረብና ወደ ትንሿ ጣት ማዘንበል፤ በእግር በኩል ደግሞ ቆልማማ እግርና ሌሎች ጥቂት የተረከዝና የውስጥ እግር መዛነፎች ዋና ምልክቶች ተባሉ። አንድ ሰው ታማሚ ነው ለመባል ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሊኖሩበት ይገባል። ወላጁ፣ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆነ ግን አንዱ ብቻ ይበቃዋል።

ይህች የመጨረሻ ሐረግ ስትነበብ ትንሽ ትመስላለች። በተግባር ግን ምርመራውን ከሕፃኑ አልጋ ወደ ቤተሰቡ ታሸጋግረዋለች። ሐኪሙ ከሕፃኑ እጅ ቀና ብሎ አጠገቡ የቆመውን አባት እጅ ማየት አለበት። አባቱ ጤነኛ ነው፤ ያርሳል ወይም ይነግዳል፣ ስለ እጁ አቤቱታ አቅርቦ አያውቅም። እጁን ሲዘረጋ ግን ትንሿ ጣቱ ሙሉ በሙሉ አትዘረጋም፣ የአንዱ ጣት መስመርም የለም። ይህ አንድ ምልክት ለብቻው ምንም አይደለም፤ ከልጁ እጅ ጋር ሲነበብ ግን «ከሁለት አንድ» የሚለውን መልስ ይዞ ይመጣል። ለሕመሙ መውረስ የአንድ ወላጅ ለውጥ በሚበቃባቸው ቤተሰቦች አንዱ ሰው ብዙ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሲሆን ሌላው ሳይታወቅበት ሊያረጅ ይችላል። ስለዚህ «በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የለም ይላሉ፤ አይዋሹምም። አላዩም እንጂ።

ዝርዝሩ ራሱ እንዲህ ነው። አንደኛው ዓይነት በጫፍ አካላት የተወሰነ ነው። ሁለተኛው በሁለት ይከፈላል። ከሁለቱ ሁለት «ሀ» በ1938 ሁለት እንግሊዛውያን ሐኪሞች የገለጹት የፍሪማን–ሼልደን ሕመም ነው፤ የሕፃኑ አፍ ከመጥበቡ የተነሣ የሚያፏጭ ይመስላል። ሁለት «ለ» ሼልደን–ሆል የሚባለውና በአንደኛውና በፍሪማን–ሼልደን መካከል የሚቆመው ነው። ሦስተኛው፣ ጎርደን የሚባለው፣ የላንቃ መሰንጠቅና የቁመት ማጠር ያለበት ነው። አራተኛው ከአከርካሪ መጣመም፣ አምስተኛው ከዐይን ቆብ መውደቅና ከዐይን እንቅስቃሴ መገደብ፣ ስድስተኛው ከመስማት ችግር ጋር የሚመጣ ነው። በሰባተኛው አፍ በሚገባ አይከፈትም፤ በስምንተኛው በመገጣጠሚያዎች ላይ የቆዳ መረብ ይዘረጋል፤ ዘጠነኛው ረዣዥም ጣቶች ያሉበት የቢልስ ሕመም ነው። አሥረኛው ከዓመታት በኋላ ተጨመረ። ቁጥሮቹ እኩል የሚራመዱ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። አንዳንዱ ቁጥር በብዙ አገሮች በታዩ ብዙ ቤተሰቦች ላይ የቆመ ሲሆን ሌላው በጣት በሚቆጠሩ ቤተሰቦች ላይ ብቻ ቆሟል። የሰባተኛው ጣት እውነተኛ የመገጣጠሚያ መኮማተር የለበትም፤ አንጓው ሲቀና የጡንቻው ጅማት አጥሮ ጣቶቹን ይስባቸዋል፣ አንጓው ሲታጠፍ ይለቃቸዋል። ዘጠነኛውን ከሌሎቹ ጋር ያቀራረበው የእጅ መልክ እንጂ የሥር ዝምድና አልነበረም። ቁጥር ለመዝገብ ይመቻል፤ ያልተስተካከለውን አስተካክሎ የማሳየት ክፉ ልማድም አለው።

የዘረ መሉ ዘመን ሲመጣ ይህ ሁሉ ታየ። በ2003 የባምሻድ ቡድን አባላት የአንደኛውን ዓይነት መንስኤ በዘጠነኛው ክሮሞዞም ላይ ባለው ቲፒኤም2 በተባለ ዘረ መል ላይ፣ የሼልደን–ሆልን ደግሞ ቲኤንኤንአይ2 እና ቲኤንኤንቲ3 በተባሉት ላይ አገኙ። ሦስቱም ጡንቻ የሚኮማተርበትን መሣሪያ የሚሠሩ ፕሮቲኖችን ይጽፋሉ። ይህ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር፤ ታማሚዎቹ በጡንቻ መድከም የሚታወቁ አልነበሩምና። በ2006 ደግሞ ኤምዋይኤች3 ተጨመረ። ፍሪማን–ሼልደን ካለባቸው 28 ታማሚዎች መካከል በ26ቱ ላይ ለውጥ ተገኘበት፤ ከሼልደን–ሆል ታማሚዎችም በሲሦው ገደማ። ይህ ዘረ መል የሚጽፈው ማዮሲን በዋናነት በሽልና በጽንስ ጡንቻ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ከልደት በኋላ ሌሎች ማዮሲኖች ይተኩታል። ይህም አንድ የቆየ ጥያቄ ያፍታታል። መኮማተሩ ከልደት በፊት ተፈጽሞ ከልደት በኋላ በአብዛኛው የማይብሰው ጥፋቱን የፈጸመው ፕሮቲን ከመድረኩ ስለወረደ ነው ማለት ይቻላል። የጡንቻ ክሮችን በቀጥታ የመረመሩ ተመራማሪዎች ደግሞ ለውጡ ያለበት ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ ለመላላት ረዥም ጊዜ እንደሚወስድበት አሳዩ። የጫጩቱ ሙከራ ያስተማረው ሽባነት መገጣጠሚያን እንደሚያደርቅ ነበር፤ እነሆ አለመላላትም ያንኑ ያደርጋል።

ዘረ መሎቹ ሲገኙ ምደባው የሚጠራ መስሎ ነበር። ይልቁን ተደበላለቀ። ኤምዋይኤች3 ፍሪማን–ሼልደንን፣ ሼልደን–ሆልን፣ በአንዳንድ ቤተሰቦች አንደኛውን ዓይነት፣ ከ2015 ወዲህ እንደታወቀው ደግሞ ስምንተኛውን ያመጣል፤ በኋላም የአከርካሪና የአንጓ አጥንቶች ከሚጣበቁበት ሌላ ሕመም ጋር ተገናኝቷል። በተቃራኒው አንደኛው ዓይነት የሚባለው መልክ ከአንድ በላይ ከሆኑ ዘረ መሎች ይመጣል። ፒዬዞ2 የበለጠ ያስገርማል። የጡንቻ ፕሮቲን አይጽፍም፤ ነርቭ ንክኪንና የአካልን አቋም የሚያውቅበትን በር ይጽፋል። አርደም ፓታፑቲያን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር በ2021 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የእነዚህን በሮች ምሥጢር በመፍታታቸው ነው። በ2013 እና በ2014 በወጡ ጥናቶች የፒዬዞ2 ለውጥ በአምስተኛው ዓይነት፣ በጎርደን እና ማርደን–ዎከር በሚባለው ሕመም ላይ ተገኘ። ሐኪሞች በላንቃ መሰንጠቅና በዐይን ቆብ መውደቅ የለዩዋቸው ሁለት ቁጥሮች የአንድ ዘረ መል ልጆች ሆነው ተገኙ። በነዚህ ሰዎች በሩ ከሚገባው በላይ ክፍት ይቆያል። በ2016 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ከሁለቱም ወላጆች በተወረሰ ለውጥ ምክንያት በሩ ጨርሶ የማይሠራባቸውን ሰዎች ገለጹ፤ ዐይናቸውን ሲጨፍኑ እጃቸው የት እንዳለ ማወቅ ያቅታቸዋል፣ የመገጣጠሚያ መኮማተርና የአከርካሪ መጣመምም አለባቸው። አንዱ ለውጥ ከሁለት አንድ፣ ሌላው ከአራት አንድ የመደገም ዕድል አለው። «ችግሩ ፒዬዞ2 ላይ ነው» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ብቻውን ለቤተሰቡ ምን መልስ ይሰጣል?

በዚህ ምክንያት የቁጥሩን ዝርዝር ጥሎ በዘረ መል ስም ብቻ መመደብ ይበቃል የሚለው ሐሳብ ደካማ ነው። ቁጥሩን ብቻ ይዞ መቆየትም እንዲሁ። በ2021 የዘረ መል ሕክምና ሊቃውንት ያቀረቡት ጥምር አሰያየም፣ የዘረ መሉን ስምና የሕመሙን መልክ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው፣ ከሁለቱም የተሻለ ይመስላል፤ «ከኤምዋይኤች3 የመጣ ፍሪማን–ሼልደን» እንደማለት ነው። የስሙ ሁለት ክንፎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራሉ። የዘረ መሉ ስም ስለ መውረስና ስለ አሠራር ይናገራል። የመልኩ ስም ነገ ጠዋት ምን መታየት እንዳለበት ይናገራል። የቢልስ ሕመም ያለበት ሕፃን የልቡ ዋና ደም ወሳጅ ሥር እንዳይሰፋ በአልትራሳውንድ መታየት፣ አከርካሪውም መከታተል አለበት። ፍሪማን–ሼልደን ያለበትን ሕፃን ወደ ቀዶ ሕክምና ከማስገባት በፊት የማደንዘዣ ባለሙያው ስለ አፉ ጥበት አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት እጅግ አስቸጋሪ ሊሆን ስለሚችል ያልተዘጋጀ ሰው በሕፃኑ ሕይወት ላይ ይፈርዳል። አምስተኛው ዓይነት ያለበት ሰው ሳንባው በሚገባ ላይሰፋ ይችላል። የዘረ መል ውጤት ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ አፍና ዐይን ግን ወዲያው ይታያሉ።

ከሚወረሱትና ከማይወረሱት መካከል የተሰመረው የመጀመሪያ መስመርም ራሱ ያፈስሳል። የኤስኮባር ሕመም በመገጣጠሚያዎች ላይ የቆዳ መረብ የሚዘረጋበትና ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ ነው። በ2006 ከመንስኤዎቹ አንዱ ተገኘ፤ ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያቀብልበት ተቀባይ በጽንስነት ዘመን ብቻ የሚኖረው አንድ ክፍል አለው፣ ያ ክፍል ጎድሏል። ወደ እርግዝናው ማብቂያ ገደማ የአዋቂው ዓይነት ክፍል ስለሚተካው ሕፃኑ ሲወለድ ጡንቻው ይሠራል፣ መገጣጠሚያው ግን ደርቋል። አሁን ሌላ እናት ትታሰብ። ማያስቴንያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ ድካም ሕመም አለባት፤ ሰውነቷ የሚያመነጨው ፀረ አካል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ያንኑ የጽንስ ተቀባይ ይዘጋዋል። የሕፃኗ ዘረ መል ምንም እንከን የለበትም፤ መልኩ ግን ከሚወረሰው ጋር ይመሳሰላል። ይባስ ብሎ የእናቲቱ ሕመም ካልታወቀና ካልታከመ በሚቀጥለው እርግዝናም ሊደገም ይችላል። አንዳንዶቹ እናቶች ራሳቸው ይህ ነው የሚባል የሕመም ስሜት የላቸውም። የማይወረስ ሁሉ የማይደገም አይደለም። በመግቢያው ላይ ከተጠቀሱት ሦስት መልሶች አንዱንም ለዚህች እናት መስጠት ስሕተት ይሆናል፤ እርሷ የምትፈልገው የደም ምርመራና ሕክምና ነው።

ከምደባ ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድም እየተከፈተ ነው። የፓታፑቲያን ላቦራቶሪ በ2023 ባወጣው ጥናት የፒዬዞ2ን ለውጥ በአይጦች ላይ አስገብቶ መገጣጠሚያን የሚያኮማትረው ለውጡ በጡንቻ ወይም በጅማት ውስጥ መኖሩ ሳይሆን የአካልን አቋም በሚያውቁ ነርቮች ውስጥ መኖሩ እንደሆነ አሳይቷል። ከልደት በኋላ ባለ አንድ የተወሰነ የዕድገት ጊዜ ውስጥ ቦቶክስ ጡንቻቸው ላይ የተወጉ አይጦች ጉዳታቸው ቀለለ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህን ለሕፃናት ከማድረግ በፊት የሚቀር ብዙ ነው። ሆኖም በሰውም እንዲህ ያለ የጊዜ መስኮት ካለ ትክክለኛው ስም በልጅነት መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መታወቅ ይኖርበታል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ እነዚህ ሕፃናት አስቀድመው ሊገኙባቸው ከሚችሉባቸው ስፍራዎች አንዱ የቆልማማ እግር ክሊኒክ ነው። የፖንሴቲ ዘዴ በአገሪቱ ይሠራበታል፤ እግሩ በየሳምንቱ በእጅ እየተቃና በጀሶ ይታሰራል፣ ብዙ ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ይላላል፣ ከዚያም ልጁ ለዓመታት በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ ሲተኛ ያደርጋል። ከሌላ ሕመም ጋር ያልተያያዘ ቆልማማ እግር ለዚህ ዘዴ በደንብ ይገዛል። የአርትሮግሪፖሲስ እግር ግን ደረቅ ነው፤ ብዙ ጀሶ ይጠይቃል፣ ተቃንቶም ደግሞ የመመለስ ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው። የሕፃኑ እጅ ካልታየ ይህ መመለስ ወላጆች ጫማውን ባለማድረጋቸው የመጣ ሊመስል ይችላል። ከሩቅ ገጠር ልጇን አዝላ በየሳምንቱ የምትመላለስ እናት ያላጠፋችውን ጥፋት ትሸከማለች። ይህን ለመከላከል የዘረ መል መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጀሶው ከመታሰሩ በፊት ጨርቁን ገልጦ የሕፃኑን ጣቶች መቁጠር፣ መዘርጋትና መስመራቸውን ማየት ይበቃል።

የዘረ መል ንባብ በየክሊኒኩ በማይገኝበት አገር የ1996ቱ የእጅና የእግር መስፈርት ያረጀ መሣሪያ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ለድኅረ ምረቃ ጥናትም ምቹ ነው፤ በአንድ ክሊኒክ በቆልማማ እግር የሚመጡ ሕፃናትን እጅ፣ የወላጆቻቸውንም እጅ በተመሳሳይ ቅጽ መመዝገብ ብቻውን አንድ ጥናት ይወጣዋል። የዘር ሐረግ መቁጠሩም እንግዳ ነገር አይደለም። ጋብቻ ለመፍቀድ እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አካባቢ የቅድመ አያትን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ብዙ ተመራማሪ በሌላ አገር በመዝገብ ቤት አቧራ ውስጥ የሚፈልገውን እርሱ በቃሉ ይዘልቀዋል። በአንጻሩ እንደ አፋር አብሱማ ያለ የዘመዳሞች ጋብቻ ባለበት ዘንድ ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሱት ዓይነቶች አስቀድመው መታሰብ አለባቸው። አንድ ቅጽ ለሁለቱም አካባቢዎች ሲዘጋጅ የወላጆችን ዝምድና የሚጠይቀው መስመር ያለ ነቀፋ ቃና መጻፍ ይኖርበታል፤ የተነቀፈ ሰው እውነቱን አይናገርም።

ለቅጹ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያስፈልገዋል። በልደት ቀን የተደራረቡ ጣቶች ከዕድገት ጋር ብዙውን ጊዜ ይፈታታሉ፤ ሥራ የለመደ የአዋቂ እጅም ቀሪውን ይደብቀዋል። የሠላሳ ዓመት አባት እጅ ንጹሕ ሆኖ ቢታይ በተወለደ ዕለት ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቁት ያጠቡትና ያቀፉት ናቸው። አያቲቱ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ክሊኒኩ መጥተው ከሆነ ወንበር ተሰጥቷቸው ይጠየቁ፤ «ያኔ አውራ ጣቱን ከመዳፉ ውስጥ ማውጣት ያስቸግረን ነበር፣ በቅቤ እያሸነው ተፈታ» ካሉ፣ ይህ ቃል ከሕፃኑ ምልክቶች ቀጥሎ፣ የተነገረበት ቀን ተጠቅሶ፣ እንዳለ ይጻፍ።